የበረንዳው አግዳሚ፦ ሲቀመጡበት ሳይሆን ሲነሡበት ይታወቃል



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬው ጽሑፋችን ስለ አንድ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ነው። «ስለ ወንበር ደግሞ ምን ይጻፋል?» የምትሉ እንደማትጠፉ እናውቃለን። ታግሣችሁ አንብቡት፤ የብዙዎቻችን ቤት ጉዳይ ነው።

በጅማ ሰፈሮች፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በሰቃ ወይም በሰርቦ ከዐስር ሶላት በኋላ ወጣ ብላችሁ ብትዘዋወሩ የሰዉ ኑሮ ያለው በረንዳ ላይ ነው። ቡና የሚፈላው እዚያ ነው። የታመመ ሰው ወሬ የሚሰማው፣ የልጅ ጋብቻ የሚመከረው፣ ለቀብር የሚጠራራው እዚያ ነው። በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ መግሪብ እስኪገባ ድረስ ስንት ሰላምታ እንደሚመልስ ቁጠሩት። ከበረንዳው ወደ ጓዳ የገባ ሰው ግን ያ ሁሉ ይቀርበታል፤ ያውም ማንም ሳይከለክለው።

አያታችን፣ እኛ እንደ አገሩ ልማድ በኦሮምኛ «አኮ» ነው የምንላት፣ የምትኖረው ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው አጋሮ ነው። ዕድሜዋ ከ80 አልፏል። ዕድሜዋን ሙሉ ቡና ያፈላችው፣ እንግዳ የተቀበለችው ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ጉልበቷ እምቢ አለ። በርጩማው ዝቅ ያለ ስለሆነ ለመነሣት ሁለት ሰው ያስፈልጋታል፤ ሰው መጥራት ደግሞ አትወድም። ስለዚህ መውጣቱን ተወችው። ቀኑን ሙሉ አልጋዋ ጠርዝ ላይ መዋል ጀመረች። ጎረቤቱ «አኮ ታመመች እንዴ?» እያለ ይጠይቀናል። አልታመመችም። መቀመጫ ነው ያጣችው።

በመስጂድ አገልግሎት ላይ ሆነን ይህንኑ በአባቶቻችን ላይ አይተናል። ወለል ላይ መቀመጥና መነሣት ሲያቅታቸው ከጀማዓ የቀሩ አባቶች፣ ከሶፉ ዳር ጥቂት ወንበር ሲደረግላቸው ተመልሰው መጥተዋል። ኢማናቸው አልደከመም ነበር፤ የደከመው ጉልበታቸው ነው። አንዳንዴ ሰውን ከሰው የሚለየው የአንድ ክንድ ያህል ከፍታ ነው።

እናም እኛ የልጅ ልጆቿ ተሰብስበን ለበረንዳዋ አግዳሚ ለማሠራት ተነጋገርን። ታናናሾቻችን ስልካቸውን አውጥተው ወደፊትና ወደኋላ የሚወዛወዝ አግዳሚ አሳዩን። አክስታችን «ሶፋ ይገዛ» አለች። አኮ ራሷ ምስሉን አየችና «ለእኔ ብላችሁ የሚንቀሳቀስ ነገር! ቡናዬን ቢደፋብኝስ?» አለች። ሁላችንም ሳቅን፤ ጥያቄዋ ግን የዋዛ አልነበረም። ወደ እሱ እንመለሳለን።

*ሦስቱ የሚወዛወዙ መቀመጫዎች*

በመጀመሪያ ምን እንደምንፈልግ መለየት ነበረብን። የሚወዛወዝ መቀመጫ ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛው ዥዋዥዌ ነው፤ ከላይ በሰንሰለት ወይም በገመድ ይንጠለጠላል። ያምራል፤ ነገር ግን ክብደቱን ሁሉ የሚሸከመው የበረንዳው ጣሪያ ነው። በከተሞቻችን ብዙ ቤት የጭቃ ቤት ነው፤ በረንዳውም በቀጫጭን የባህር ዛፍ ቋሚ ላይ ቆርቆሮ ለመሸከም ብቻ የተሠራ ነው። በዚያ ላይ ሦስት ሰው ማንጠልጠል ቤቱን አደጋ ላይ መጣል ነው።

ሁለተኛው እግሩ እንደ ቀስት የታጠፈው ነው። እግሩ ራሱ ወለሉ ላይ ይንከባለላል። ወለሉ ልስን ካልሆነ ይንገጫገጫል፤ በሥሩ ያለ የልጅ እግርም ይጨፈልቃል። አኮ ቤት ደግሞ ልጅ የማይጫወትበት ሰዓት የለም።

ሦስተኛው ታናናሾቻችን ያሳዩን ነው። ከታች የማይንቀሳቀስ ጠንካራ መሠረት አለው። መቀመጫው ከዚያ መሠረት ላይ በአራት አጫጭር የብረት ክንዶች ይንጠለጠላል፤ በቀኝ ሁለት፣ በግራ ሁለት። ሲገፉት መሠረቱ እንደቆመ መቀመጫው ብቻ ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል። ጣሪያውን አይነካም፤ ወለሉንም አይፍቅም። ለአሮጌ በረንዳ የሚስማማው ይሄኛው ነው።

መወዛወዙስ ለምን አስፈለገ? ለአኮ ይህ ቅንጦት አልነበረም። ጉልበቷ ለረጅም ሰዓት አንድ ቦታ ከቆየ ይደርቅባታል። በእግሯ ጣት ትንሽ እየገፋች የምትቀመጥበት ወንበር እግሯን ያንቀሳቅስላታል። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጉዳይ አለ፦ የሚንቀሳቀስ ወንበር ለመቀመጥ ደስ ይላል፣ ለመነሣት ግን ይከዳል። ሽማግሌ ሰው መደገፊያውን ይዞ ሊነሣ ሲል ወንበሩ ወደኋላ ቢሸሽበት ይወድቃል። ስለዚህ ለአናጢው ከሁሉም በፊት የነገርነው ይህንን ነው፦ «መቆለፊያ ይኑረው።»

*ልኩን ከሰውየው መውሰድ*

ወደ አናጢ ከመሄዳችን በፊት አጋሮ ሄደን አኮን ለካናት። አለካካችን ቀላል ነው፤ ማንም ቤቱ ሊያደርገው ይችላል። አንድ ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፈን አቆምን። በላዩ ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ እየደራረብን አኮ እንድትቀመጥና እንድትነሣ አደረግን። በ42 ሳንቲ ሜትር እጃችንን ያዘች። በ45 መደገፊያውን ይዛ በትግል ተነሣች። በ48 ሳንቲ ሜትር ላይ ማንንም ሳትይዝ «ቢስሚላህ» ብላ ተነሣች። ያን ጊዜ ፊቷ ላይ ያየነውን ደስታ ለመግለጽ ይቸግረናል። ቁጥሩን በወረቀት ጻፍነው፦ 48።

የተለመደ ወንበር ቁመቱ ከ43 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ነው። ለጤነኛ ሰው ጥሩ ነው። ጉልበቱ ለታመመ ግን ሦስት ሳንቲ ሜትር ሰማይና ምድር ነው። ከፍ ሲል ደግሞ እግሩ መሬት መንካት አለበት፤ የተንጠለጠለ እግር ይደነዝዛል። የመቀመጫው ጥልቀትም ከ45 እስከ 48 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ከዚያ ከጠለቀ አጭር ሰው ጀርባው መደገፊያው ላይ አይደርስም፤ ለመነሣትም መጀመሪያ ወደፊት መሳብ ይኖርበታል። የእጅ መደገፊያው ከመቀመጫው በላይ 22 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ጫፉ በመዳፍ የሚጨበጥ ይሁን። ወርዱን ለአንድ ሰው 55 ሳንቲ ሜትር አስቡ። እኛ ለሁለት ሰው 120 አደረግነው፤ አኮ ብቻዋን እንድትቀመጥ አልነበረም የፈለግነው።

*እንጨቱ ከየት መጣ?*

ጅማ የእንጨት አገር ናት። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር በርጩማ፣ መደገፊያ ያለው የጅማ ወንበርም፣ ከአገር አልፎ በውጭ ሰዎችም የሚታወቅ ነው። ምስማር የለው፣ ኮላ የለው፣ የሚላቀቅ ነገር የለው። ሦስት እግር የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባለ አራት እግር ወንበር ባልተስተካከለ አፈር ላይ ይወላገዳል፣ ሦስት እግር ግን የትም ቢያስቀምጡት ይቆማል። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅሬን ላይ ያሠሩትን ቤተ መንግሥት ያየ ሰው ደግሞ የእንጨት በረንዳ በዚህ አገር የትናንት ነገር እንዳልሆነ ይረዳል። እንግዲህ እንጨቱም ባለሙያውም ደጃችን ላይ እያለ የተበተነ ችፑድ ከሩቅ ለማስመጣት ምክንያት አላገኘንም።

አናጢዎች ዘንድ ስንሄድ የሚጠሩልን እንጨቶች አራት ነበሩ።

ዋንዛ፣ በኦሮምኛ ዋዴሳ፣ የሁሉም ምርጫ ነው። ለመላጊያ ይመቻል፣ ብዙ አይጣመምም፣ ቀለሙም ያምራል። በቡና ማሳ ውስጥ ጥላ ሆኖ የሚበቅለውም እሱ ነው።

ግራቪሊያ ሰው ተክሎ የሚያሳድገው፣ ቶሎ የሚደርስ ዛፍ ነው። ሲላግ የሚያምር ጥለት ያወጣል። ለቤት ዕቃ ይሆናል፤ ዋጋውም ከዋንዛ ይቀላል።

ቀረሮ ረጅምና ቀጥ ያለ የጫካ ዛፍ ነው፤ ጣውላው ሰፊ ይወጣዋል።

ባህር ዛፍ ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ሲደርቅ ግን ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ምስማር ሲመታበትም ይተረተራል። ለመሠረቱ ሞራሌ ሊሆን ይችል ይሆናል፣ ለመቀመጫው ግን አንመክርም።

ስለ ዋንዛ ግን ቆም ብለን መነጋገር አለብን። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከለከላቸው ዛፎች ውስጥ አስገብቶታል። ከዚያ ወዲህ አዋጁ በሌሎች ቢተካም ምክንያቱ አልተለወጠም፤ ዛፉ ተፈላጊ ስለሆነ በቀላሉ ያልቃል። ገበሬ በገዛ ማሳው ያሳደገው ዋንዛና በሌሊት ከጫካ ተቆርጦ የመጣ ዋንዛ መላጊያ ከዞረበት በኋላ አንድ ይመስላሉ። መለየት የሚቻለው በመጠየቅ ብቻ ነው፦ «ይህ ጣውላ ከማን ማሳ ነው? ፈቃድ አለው?» ይህን ስንጠይቅ አንዳንዱ ባለሙያ ተቆጣን። አንዱ ግን ፈገግ ብሎ ወረቀቱን አወጣልን።

መጠየቁ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሚንበር ከምን እንጨት እንደተሠራ ሰዎች በተከራከሩ ጊዜ ሰሓቢዩን ሰህል ኢብኑ ሰዕድን ጠይቀዋቸው ነበር። እሳቸውም እንጨቱ ጋባ ከሚባል ሥፍራ የመጣ ጠርፋእ እንደሆነ፣ የሠራውም የአንዲት ሴት አገልጋይ የነበረ አናጢ እንደሆነ ነግረዋቸዋል። አስተውሉ፦ የእንጨቱ ዓይነት፣ የመጣበት ቦታ፣ የሠራው እጅ፣ ሁሉም ተነግሮ ለእኛ ደርሷል። እኛ ታዲያ የምንቀመጥበት እንጨት ከየት እንደመጣ ብንጠይቅ ምን ነውር አለው?

በመጨረሻ ለመቀመጫውና ለመደገፊያው ፈቃድ ያለው የማሳ ዋንዛ፣ ለመሠረቱ ግራቪሊያ መረጥን።

*የደረቀ እንጨትና የተገለበጠ ወንበር*

ከእንጨቱ ዓይነት በላይ ድርቀቱ ይወስናል። የጅማ ዝናብ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። እርጥብ ጣውላ ተላግቶ ወንበር ከሆነ በበጋው ይሸማቀቃል፤ መጋጠሚያው ይላላል፣ ወንበሩ ይጮኻል። በአየር የሚደርቅ ጣውላ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል የሚለው የአናጢዎች ልማዳዊ ስሌት ነው። እኛ ያሠራናቸው አናጢ፣ ጸጉራቸው የሸበተ አባት፣ ጣውላቸውን በመሐል በመሐሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገቡ ከጣሪያ ሥር ደርድረውት ነበር። «ይሄ ሁለት ክረምት አይቷል» አሉን። ሲያንኳኩት ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ እርጥቡ ግን ድፍን ያለ ድምፅ አለው።

ተሠርቶ የተቀመጠ ወንበር መግዛት የምትፈልጉ ደግሞ አንድ ምክር አለን፦ ገልብጣችሁ እዩት። በአንድ ሱቅ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ አግዳሚ አሳይተውን ነበር። ስንገለብጠው ከላይ ያለው ስስ ልባጥ ነው፤ ውስጡ ችፑድ፣ መጋጠሚያው ምስማር፣ ስንጥቁ በስቱኮ የተደፈነ። ችፑድ የክረምት ዝናብ ሲነካው እንደ ዳቦ ያብጣል። ጥሩ ባለሙያ ወንበሩን ሲገለብጡበት አይከፋውም።

አንድ ነገር እንጨምር፦ ሐሙስ የጅማ ገበያ ቀን ነው፤ ከገጠር የሚመጣው ሰው ብዙ ስለሆነ ረጋ ብሎ የሚያናግራችሁ አታገኙም፤ በሌላ ቀን ሂዱ። ቡና ተለቅሞ በሚሸጥበት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜም ሰው እጁ ላይ ገንዘብ ስለሚገባ አልጋውንም ቁም ሣጥኑንም የሚያሠራው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ብታዝዙ ባለሙያው ጊዜ ይሰጣችኋል።

*ተበትኖ ሄዶ አጋሮ መገጣጠም*

ወንበሩ ተሠርቶ ሲያልቅ በአንድ ላይ ሆኖ ሚኒባስ አናት ላይ አይጫንም። የአኮ በርም ጠባብ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው የተስማማነው የመሠረቱ ሁለት ጎኖች፣ መቀመጫውና መደገፊያው ለየብቻ እንዲሠሩና አጋሮ ላይ በብሎን እንዲገጣጠሙ ነው። የየክፍሉ ውስጥ መጋጠሚያ ወንዴና ሴቴ ሆኖ በኮላ የታሰረ ነው፤ ክፍሉን ከክፍል የሚያያይዘው ግን ሊፈታ የሚችል ብሎን ነው። ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። ነገ አንድ ነገር ቢሰበር ያንን ፈትቶ የአጋሮ አናጢ ይሠራዋል፤ ወንበሩ በሙሉ አይጣልም።

(ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ሞራሌ፣ ካቻቢቴ የምንላቸው ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ወጣቶች ሱቅ ገብታችሁ ስማቸውን ሳታውቁ «ያቺ ክብ ነገር» እንዳትሉ ልመዷቸው።)

አንድ ጁሙዓ ከሶላት በኋላ አራት ሆነን ጀመርን። ቅደም ተከተሉን ለሚሞክር ሰው እንጻፈው፦

1. መጀመሪያ መሠረቱን ብቻ ገጥሙ። ብሎኑን በእጅ ብቻ አጥብቃችሁ ከጥግ ወደ ጥግ ለኩት። ሁለቱ ሰያፍ ልኮች እኩል ካልሆኑ መሠረቱ ተንጋዷል ማለት ነው፤ ገፋ አድርጋችሁ አስተካክሉና ያኔ አጥብቁት። በውኃ ልክም እዩት።

2. አራቱ የብረት ክንዶች ቀዳዳ ከቀዳዳ ያላቸው ርቀት ፍጹም እኩል መሆን አለበት። የሥራው ልብ ይህ ነው። የእኛዎቹ 22 ሳንቲ ሜትር ናቸው። አናጢያችን ብረት ቤት ሲልኩን «አራቱን ደራርበው አስረው በአንድ ጊዜ ይብሷቸው» ብለው ነበር የላኩን። አንዱ በጥቂት ሚሊ ሜትር እንኳ ቢያጥር መቀመጫው ይንጋደዳል፣ ይጮኻል፣ ቀዳዳውም እየተበላ ይሰፋል።

3. መቀመጫውን ከወለሉ በሚፈለገው ከፍታ በጡብ ላይ አስቀምጡት። ሁለት ሰው ይያዝ፤ ሌላው ክንዶቹን ከላይ ከመሠረቱ፣ ከታች ከመቀመጫው ጋር ያያይዝ። ብሎኑ በቀጥታ እንጨቱን እንዳይበላው በቀዳዳው ውስጥ ትንሽ የብረት ቱቦ ይግባበት። በብረቱና በእንጨቱ መካከል ሮንዴላ አትርሱ፤ ግሪስም ቀቡት።

4. እዚህ ላይ ዳዶውን እስከ መጨረሻው ማጥበቅ አይገባም፤ ከጠበቀ መቀመጫው አይንቀሳቀስም። እንዲንቀሳቀስ ላላ ካደረጋችሁት ደግሞ በመወዛወዙ ብዛት ተፈትቶ ይወድቃል። መፍትሔው ሁለት ዳዶ ነው፤ የመጀመሪያውን በልኩ አድርጋችሁ፣ ሁለተኛውን በላዩ አምጥታችሁ እርስ በርሳቸው አጣብቋቸው።

5. ሰው ከመቀመጡ በፊት ጭነት ይቀመጥ። እኛ እያንዳንዱ 60 ኪሎ የሚመዝን ሁለት ጆንያ ቡና ጭነንበት ብዙ ጊዜ ገፋነው። ከዚያ ዳዶዎቹን እንደገና ፈተሽን። ቀጥሎ እኛ ተቀመጥን። አኮ የመጨረሻዋ ነበረች።

መቆለፊያው በጣም ቀላል ነገር ነው፦ በእጅ መደገፊያው ሥር ከመሠረቱ ወደ መቀመጫው የሚያልፍ ወፍራም የእንጨት ካስማ፣ እንዳይጠፋ በገመድ የታሰረ። ካስማው ሲገባ ወንበሩ እንደ ማንኛውም አግዳሚ ቀጥ ይላል። አኮ ሳትቀመጥ በፊት ይገባል፤ ከተቀመጠች በኋላ ራሷ ትነቅለዋለች፤ ልትነሣ ስትል ራሷ ትመልሰዋለች። ማንም ካልተቀመጠበትም ተቆልፎ ይቆያል፤ የልጅ ጣት በክንዱና በእንጨቱ መካከል እንዳይያዝ።

የቡናው ጥያቄስ? አኮ ልክ ነበረች። በሚንቀሳቀስ መደገፊያ ላይ የተቀመጠ ሲኒ ይደፋል። ስለዚህ ትንሿ የሲኒ ማስቀመጫ የተገጠመችው ከማይንቀሳቀሰው መሠረት ላይ ነው። ጀበናውና ከሰሉ ደግሞ ከወንበሩ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ።

*ከዝናብ መጠበቅ*

ለቀለሙ ቫርኒሽ አልመረጥንም። ቫርኒሽ ቤት ውስጥ ያምራል፤ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት ግን ይላጣል፣ ለማደስም ሁሉንም መፋቅ ይጠይቃል። የተልባ ዘይት ግን እንጨቱ ውስጥ ይገባል። በብርጭቆ ወረቀት ካለሰለስን በኋላ በስሱ ቀባን፣ ትርፉን ወለወልን፣ በደንብ እስኪደርቅ ቀናት ጠብቀን ደገምነው። ቀስ ብሎ ነው የሚደርቅ፤ ስለዚህ በበጋ ይሁን። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ራሱ ሞቆ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ውኃ ውስጥ ንከሩት ወይም ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

እንጨት ውኃ በብዛት የሚጠጣው በእግሩ ጫፍ በኩል ነው። የእግሮቹን ጫፍ ደጋግመን ዘይት አጠጣናቸው፤ ከሥራቸውም ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ መታንባቸው። እርጥብ ሲሚንቶም ምስጥም በቀላሉ አያገኘውም። የመቀመጫው ጣውላዎች መካከልም የአንድ ሳንቲ ሜትር ክፍተት አለ፤ ያዘነበው ይወርዳል፣ ጣውላውም ሲያብጥ ቦታ ያገኛል።

*ወዴት ይዙር?*

ሁሉም ካለቀ በኋላ አንድ ጥያቄ ቀረ። የአኮ በረንዳ ቀጥ ብሎ የሚያየው የጎረቤትን በር ነው። በርጩማ ላይ ሳለች ዝቅ ስለምትል አጥሩ ይጋርደው ነበር። አዲሱ አግዳሚ ግን ከፍ ያለ ነው፤ የተቀመጠበት ሰው የጎረቤትን ጓዳ ያያል። ጎረቤታችን ባትናገርም በሩን በመጋረጃ ጋረደችው። መልእክቱ ገባን። አግዳሚውን ወደ መንገዱ ሰያፍ አዞርነው፤ ከኋላውም ለመወዛወዣ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቦታ ተውን። መጋረጃው በማግሥቱ ተነሣ።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በመንገድ ላይ ስለመቀመጥ ያስተማሩትን ሁላችንም በመድረሳ ተምረናል። መቀመጥ ግድ ከሆነ ለመንገዱ ሐቁን መስጠት ነው፦ ዓይንን መስበር፣ ሰውን አለማስቸገር፣ ሰላምታን መመለስ፣ በመልካም ማዘዝ፣ ከመጥፎ መከልከል። የበረንዳ አግዳሚ የመንገድ መቀመጫ ነው። ስለዚህ ሐቁ የሚጀምረው ከመቀመጣችን በፊት፣ ወንበሩን ወዴት እንደምናዞረው ስንመርጥ ነው። እናንተ ወጣቶች በረንዳ ላይ ተደርድራችሁ ስልክ ላይ ስታቀረቅሩ የመንገዱ ሐቅ እየቀረ እንደሆነ አስቡ። የሚያልፈው ሰው ሰላምታ ሰጥቶ መልስ ካጣ ነገ አይሰጥም።

አኮ አሁን ከዐስር በኋላ ትወጣለች። በሁለት ሰው ቦታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰው አለ። አንዳንዴም የሰፈሩ ልጅ መጥቶ ካስማዋን ይነቅልላታል፤ እሷም «ተው፣ እኔው ነኝ የምነቅለው» ትለዋለች።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ሁሉም ሰው የሚወዛወዝ አግዳሚ ማሠራት አለበት እያልን አይደለም። አቅም ለሌለው አንድ ተራ አግዳሚ፣ ወይም ያለው ወንበር እግር ሥር የሚጨመር ጠንካራ የእንጨት ቁራጭ ይበቃል። የምንለው ይህን ነው፦ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ እናታችሁ፣ አባታችሁ ወይም አያታችሁ ከመቀመጫቸው ሲነሡ ተመልከቱ። የሚይዙት ነገር ፈልገው እጃቸውን ከዘረጉ ሜትር አምጡ፤ ብርድ ልብስ አጥፋችሁ ደርቡ፤ ያለማንም እርዳታ የሚነሡበትን ቁጥር እስክታገኙ ድረስ ሞክሩ። ቁጥሩን ጻፉት። ከዚያ ወደ ሰፈራችሁ አናጢ ሂዱ።

አላህ የአባቶቻችንንና የእናቶቻችንን ሐቅ የምንወጣ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።